የሳፋው ደንብ

ፈለቀች ገብረወልድ አንዴ እንቢ ካለች እንቢ ናት፤ ይህንን ዲንሾ ውስጥ የማያውቅ የለም። "ይቺ ልጅ ይህን ግትርነት ከማን ወረሰችው?" ሲባል ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያየው አባቷን አቶ ገብረወልድን ነበር። በ1958 ዓመተ ምሕረት መስከረም ላይ፣ በሮቤና በጎባ መካከል ኮረብታ ላይ ከዓመት በፊት ወደ ተከፈተው የመምህራን ኮሌጅ ሊልኳት ሲነሡም ሁለቱ ግትሮች ቁጭ ብለው ተዋዋሉ። ባለወፍጮው ባሻ ቦሩ ሽማግሌ ልኮ ጠይቋታል። አባቷ "ሁለቱን ዓመት ከጨረስሽ እንደ ልብሽ፤ ነገር ግን የማንም ጥፋት ይሁን፣ ትምህርቱ ተቋርጦ ቤቴ ከተመለስሽ፣ በፋሲካ ማግስት ትዳሪያለሽ" አሏት። እሷም "እሺ" አለች። ባሻ ቦሩ አርባ አምስት ዓመቱ ነው፤ ሁለት ሚስት ፈቷል። ክፉ ሰው ነው አልልም፤ ግን አሥራ ስምንት ዓመት የሞላት ልጅ መምህርት ልሁን እያለች የወፍጮ ዱቄት ስትጠርግ ትኑር? ኧረ ወዲያ!

እንግዲህ የካቲት ገባና አንድ ማክሰኞ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ አቶ ተክለማርያም ተማሪውን ሁሉ ባንዲራው ሥር ሰበሰቡት። ሰውየው ቀጭን፣ ከራቫታቸው በብርድም በሐሩርም የማይፈታ፣ ከንግግራቸው ሁሉ "በሠለጠነው ዓለም" የምትል ቃል የማትጠፋ ሰው ናቸው። የዚያን ቀን ግን ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

"የታመሙት አሥራ አንድ ደርሰዋል" አሉ። "ተቅማጡ ደም ቀላቅሏል። እስከ ዓርብ ቀትር አንድ ሰው ከተጨመረ ኮሌጁ ይዘጋል፤ ሁላችሁም ወደየቤታችሁ ትሄዳላችሁ። ለበላይ የሚላከው ደብዳቤ ተጽፎ ጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ የጎደለው ፊርማዬ ብቻ ነው።"

ፈለቀች በጣቷ ቆጠረች። ዓርብ! ሦስት ቀን ብቻ! ወዲያው ግን በልቧ "አልሄድም" አለች። እንዴት እንደማትሄድ ገና አታውቅም፤ አለመሄዷን ግን ቆረጠች።

ምክንያቱን በተመለከተ ግቢው ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ከጎባ ሐኪም ቤት የመጣው ድሬሰር ኪኒን አድሎ "ይህ በሽታ ከእጅ ወደ አፍ ነው የሚሄደው" ብሎ ተመልሷል፤ እሱን ግን ማን ሰማው? የተማሪዎቹ አለቃ፣ የሁለተኛ ዓመቱ ጉተማ፣ "የታመሙት አንደኛ ዓመቶች ብቻ ናቸው፤ የባሌ ውርጭ ያልለመደ አንጀት ነው" ይላል። አቶ ተክለማርያም በበኩላቸው ነገሩን የወጥ ቤቷ የወይዘሮ ሰንበቴ ጥፋት አድርገው ደመደሙ፤ ኮሌጁ ባይዘጋ እንኳ እሷ በወሩ መጨረሻ ትሰናበታለች ተባለ። ሴትየዋ ጓዳ ገብታ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ስታለቅስ ዋለች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው።

ከሁሉም የከፋው ግን በሹክሹክታ የሚሄደው ነበር። በመስኮቱ በኩል ባለው ማዕድ የሚበሉት ዘጠኙ የእስላም ልጆች፣ አራቱ አንደኛ ዓመት ሆነው ሳለ፣ አንዳቸውም አልታመሙም። የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ ለየብቻ ቢሆንም ሽሮው፣ ጎመኑ፣ እንጀራው አንድ ነው። ታዲያ ለምን? "አንድ ነገር ቢያደርጉብን ነው" የሚል ወሬ ከአልጋ ወደ አልጋ ይዞር ጀመር። ጊዜው ደግሞ ዓመፅ በተነሣባት በባሌ እንዲህ ያለ ወሬ እንደ ቀልድ የሚታለፍበት ጊዜ አልነበረም።

ፈለቀች ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ደብተሯን ይዛ ሕሙማን ወደ ተኙበት ክፍል ሄደች። አንድ በአንድ ጠየቀች። ማን ሮቤ ገበያ ወጣ? ማን አሬራ ጠጣ? ማን ጾመ? ከነሱ መካከል እኅተማርያም የምትባለው ልጅ ከንፈሯ ደርቆ፣ ቡሉኮ ተደርቦላትም ትንቀጠቀጣለች።

"እኔ ከገና ወዲህ ከግቢ አልወጣሁም" አለች። "አሬራም አልወድም። ምን ሠራሁ ፈለቀች? ሰነፍ ነሽ ይሉኛል። እጄን እንደሆነ በቀን ሦስቴ በሳፋው እታጠባለሁ።"

ፈለቀች መጻፉን ትታ እርሳሷን አስቀመጠች። የምታውቀውን፣ ለማንም ያልተናገረችውን ነገር አስታውሳ ነው።

ስለ ሳፋው ልንገራችሁ። በአገራችን ሰው እጁን ለብቻው አይታጠብም። ታናሽ ለታላቅ፣ ሙሽራ ለአማት፣ ቤተኛ ለእንግዳ ያስታጥባል፤ ውሃው ከላይ ይወርዳል፣ እድፉ ወደ ታች ይሄዳል። ከዓመት በፊት ኮሌጁ ሲከፈት ግን ያ ሁሉ ከየቤቱ የመጣ ጎረምሳ ማዕድ ፊት ቆሞ ተፋጠጠ። ማን ለማን ያስታጥብ? የጸሐፊው ልጅ ለአራሹ ልጅ? አራሹስ ለምን ብሎ? ጣሳ ያነሣ ሁሉ አሽከር የሆነ መሰለው። በዚህ ላይ የበርሜሉ ውሃ በረዶ ነው። አንድ ወር ሙሉ ሳይታጠቡ በሉ፤ "ኧረ እጅህን" ያለውንም "ሴት ወይዘሮ" እያሉ ይስቁበት ነበር።

ያኔ ነው አቶ ተክለማርያም ከአዲስ አበባ ያን ትልቅ ነጭ ሳፋ ያመጡት፤ ከአንድ ጠርሙስ መድኃኒት ጋር። ሁሉም እጁን ከመድኃኒቱ ውሃ ነከር አድርጎ ወደ ማዕድ ይገባል፤ ማንም ለማንም አያጎነብስም። ተማሪው እንዴት ወደደው መሰላችሁ! ክብሩ ሳይነካ ንጹሕ ሆነ። ብቻ መድኃኒቱ በዚህ ዓመት ኅዳር ላይ አለቀ፤ ደንቡ ግን አላለቀም። ውሃ ብቻ ተሞልቶ፣ አስተማሪዎች በቅድሚያ፣ ሁለተኛ ዓመቶች ቀጥለው፣ አንደኛ ዓመቶች በመጨረሻ ይነክራሉ። ቅድሚያ ለታላቅ ነዋ! በሽታው ሲጀምርም አቶ ተክለማርያም "ሁለት ሁለት ጊዜ ንከሩ!" ብለው አዘዙ።

ፈለቀች ከዚያ ውሃ አትነክርም ነበር። ጎንበስ ብላ የነከረች መስላ ታልፋለች እንጂ። የአልጋ ጎረቤቷ ዙቤዳ፣ የጎባ ባለሱቅ ልጅ፣ ለሶላት ውዱእ የምትይዘው ማንቆርቆሪያ አላት፤ ከማዕድ በፊት ከመኝታው ቤት ጀርባ ለፈለቀች ታስታጥባታለች፣ ፈለቀችም ለእሷ። ይህንንም ደብቃ ኖረች። "በእስላም ማንቆርቆሪያ ታጠበች፣ ልትሰልም ነው" ቢባልስ? አባቷ ጆሮ ቢደርስስ? አሁን ግን እኅተማርያም እንደዚያ ሆና ስታያት አፈረች፤ ከምር አፈረች። እጇ ንጹሕ የሆነው ብቻዋን ነዋ!

ወደ ዙቤዳ ሮጠች። ዙቤዳ ፊቷን አይታ "ማል ታቴ? ምን ሆንሽ?" አለቻት።

"ሳፋው ነው፣ ዙቤ። ሳፋው ነው የሚያሳምማቸው። እናንተ ከሳፋው ስለማትነክሩ ነው የዳናችሁት።"

"ወላሂ ይኼን ለማወቅ ኮሌጅ መግባት አያስፈልግም ነበር" አለች ዙቤዳ። "ያ ውሃ በመጨረሻ ምን እንደሚመስል አይተሽዋል? እኛ ማንቆርቆሪያ ይዘን ስንወጣ ይሥቁብናል። አሁን ደግሞ መድኃኒት አደረጋችሁብን ይሉናል። ትናንት አንዱ መንገድ ላይ ተፋብኝ፣ ፈለቄ።" ዓይኗ እንባ ሞላ።

"ማንቆርቆሪያሽን ታውሺኛለሽ?"

"ለምን?"

"በሰው ሁሉ ፊት ልታጠብበት።"

ዙቤዳ ሣቀች። "አቦ፣ አንቺስ አብደሻል። ውሰጂው።"

ረቡዕ ምሳ ላይ ፈለቀች ዳር ቆማ ሰልፉን ተመለከተች። ጉተማና ጓደኞቹ ሲነክሩ ውሃው ንጹሕ ነው። አርባኛው ሰው ጋ ሲደርስ የሽሮ ድስት የታጠበበት መሰለ። የመጨረሻው ልጅ እጁን አውጥቶ ሱሪው ላይ ጠረገና ቁራሹን አነሣ። ከዚህ በኋላ ምን ትጠብቅ? ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብላ በቀጥታ ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሄደች።

አቶ ተክለማርያም ሰሟት። ሲሰሟት ግን አንገታቸው እየቀላ ሄደ።

"ሳፋው የጤና ደንብ ነው" አሉ። "ለአዲስ አበባ ሪፖርት አድርጌበታለሁ፤ የምስጋና ደብዳቤ መጥቶልኛል። አንቺ የአምስት ወር ተማሪ፣ እኔን ንጽሕና ልታስተምሪኝ ነው?"

"ጌታዬ፣ መድኃኒቱ እኮ አልቋል።"

"ውሃ ውሃ ነው! ደግሞስ ሰባ ሰው ማን ያስታጥባል?" አሉና ትንሽ አሰብ አደረጉ። "እናንተ አምስት ሴቶች አላችሁ። ካልሽ እናንተ አስታጥቡ።"

ፈለቀች ደሟ ፈላ። "እኛ የመጣነው ልንማር ነው፣ ጌታዬ። ወንዶቹን የምናስታጥብ ቢሆን ኖሮ ከየቤታችን ባልወጣን ነበር።"

"እንግዲያው ሳፋው ባለበት ይቆያል። ውጪ።"

ወጣች። ታለቅሳለች ብላችሁ ከሆነ፣ አላለቀሰችም። በዚያው እግሯ ወደ መኝታ ቤቱ ሄዳ ማንቆርቆሪያውን አነሣች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ የራት ደወል ተደወለ። ሰልፉ ተሠራ፤ አቶ ተክለማርያም እንደ ልማዳቸው ከበሩ አጠገብ ቆመዋል። ፈለቀች ከኋላ ወጥታ፣ ሰልፉን አልፋ፣ ሳፋው ዘንድ ደረሰች። ሁሉም ዞሮ አያት።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" አለች። "እኔ የደበቅሁትን ልንገራችሁ። ከኅዳር ጀምሮ ከዚህ ሳፋ ነክሬ አላውቅም። ስታዩኝ የነከርሁ እመስላለሁ እንጂ፣ የምታጠበው በዙቤዳ ማንቆርቆሪያ ነው። አልታመምሁም። ዙቤዳም አልታመመችም። የመስኮቱ ማዕድ ልጆች ማንንም አልነኩም፤ እጃቸውን በሚወርድ ውሃ ከመታጠብ በቀር ያደረጉት ነገር የለም። ቀድመው የሚነክሩት ሁለተኛ ዓመቶችም ደኅና ናቸው። እኛ አንደኛ ዓመቶች ግን የናንተን እድፍ ነው ስንበላ የኖርነው!"

"ሰለመች በሉኛ!" አለ አንዱ ከኋላ። ሣቅ ሆነ።

"ብትሉኝም በሉኝ!" ብላ ሳፋውን በሁለት እጇ ይዛ ገለበጠችው። ውሃው በወለሉ ላይ ተንጣለለ፣ የጉተማን ጫማ አረጠበ። ሣቁ ቆመ።

"አንቺ!" አሉ አቶ ተክለማርያም።

ፈለቀች ግን አልዞረችም። ከሰልፉ መጨረሻ የነበረውን ትንሹን አንደኛ ዓመት ተማሪ እጁን ይዛ ወደ ፊት አመጣችው፤ አስታጠበችው። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን እጁ ላይ አኖረችለት። "አሁን አንተ ቀጥሎ ያለውን ታስታጥባለህ። እሱ ደግሞ ቀጥሎ ያለውን። የታጠበ ሁሉ ያስታጥባል። እንዲህ ከሆነ አሽከር የለም፣ ጌታም የለም።"

ልጁ ጉተማ ፊት ቆሞ ቀረ። ጉተማ እርጥብ ጫማውን አየ፤ ፈለቀችን አየ፤ ርዕሰ መምህሩን አየ። እኔ የማውቀው ጉተማ ኩሩ እንጂ ጅል አልነበረም፤ ከታመሙት መካከል የአክስቱ ልጅ አለበት። እጁን ዘረጋ። ታጠበና ማንቆርቆሪያውን ተቀበለ። ከሰልፉ ኋላ የጠራው አንደኛ ዓመት ጎንበስ ሊል ሲል "ቀና በል አንተ፣ እጅህን ነው ያልሁህ" አለና አስታጠበው። ከዚያ በኋላ ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ወይዘሮ ሰንበቴ ሁለት ጣሳ ከጓዳ ይዛ መጣች፤ በርሜሉ እስኪጎድል ተታጠቡ።

አቶ ተክለማርያም ባዶውን ሳፋ ራሳቸው ከወለሉ አነሡት። "ሥልጣኔ የገባው ሰው በዚህ ይታጠባል" ብለው ወደ አስተማሪዎች ክፍል ይዘውት ገቡ። ከዚያ ወዲያ ሕሙማንን ጎብኝተው ሲመለሱ ሁሉ እዚያ ይነክራሉ፤ ሁለት አስተማሪዎችም ላለማስቀየም አብረዋቸው ነከሩ።

ሐሙስ ማንም አልታመመም። እርግጥ ከቁርስ በፊት አንዱ ልጅ ሆዱን ይዞ ደረጃው ላይ ሲቀመጥ ፈለቀች ሮጣ ደረሰች፤ ስትጠይቀው ርቦት ኖሯል። ቀኑን ሙሉ ከክፍል ክፍል፣ ከአልጋ አልጋ እየዞረች ማን ምን ሆነ ስትል ዋለች።

ዓርብ ጠዋት ግን ወይዘሮ ሰንበቴ አጥሚት ይዛ ከርዕሰ መምህሩ ቤት በር ላይ ጠራቻት። ፊቷ ደንግጧል። "ልጄ፣ ጉድ ሆንን። ሰውየው ሌሊቱን ሙሉ ሲመላለሱ አደሩ። ደም ነው።"

ከግቢው በር ደግሞ ዘበኛው መጣ። "አባትሽ መጥተዋል። ተጨማሪ በቅሎ ይዘዋል" አላት። ወሬው ዲንሾ ደርሶ ኖሯል።

ፈለቀች ዘበኛውን "ትንሽ ይጠብቁኝ በላቸው" ብላ የዙቤዳን ማንቆርቆሪያ ሞልታ ገባች።

አቶ ተክለማርያም አልጋቸው ላይ ነበሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ከራቫት አየቻቸው። አጠገባቸው በርጩማ ላይ ያ ደብዳቤ ከነብዕሩ ተቀምጧል።

"አንድ ሰው ተጨመረ" አሉ በደከመ ድምፅ። "ቃል ቃል ነው። እኔም ብሆን ሰው ነኝ። ልፈርም ነው።"

"ይፈርሙ" አለች ፈለቀች። አባቷ ከነበቅሎው በር ላይ ናቸው። "ግን ምክንያቱን ይጻፉበት። ተማሪው ሳፋውን ትቶ ሁለት ቀን አንድም ሰው አልታመመም፣ እኔ ግን በሳፋው ታጥቤ ታመምሁ ብለው ይጻፉ። እውነቱ ከተጻፈ እኔም በቅሎዬ ላይ ወጥቼ እሄዳለሁ። ምክንያቱ ወይዘሮ ሰንበቴ ናት፣ ወይም የእስላም ልጆች ናቸው የሚል ደብዳቤ ግን ከዚህ ግቢ አይወጣም። ሰባ ሰው ይመሰክራል።"

ወይዘሮ ሰንበቴ አጥሚቱን እንደያዘች በድንጋጤ አፏን ያዘች። ርዕሰ መምህሩ ጣራውን አዩ። ሆዳቸውን ቆርጦአቸው ፊታቸው ተጨማደደ፤ ሲያልፍላቸው ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

"ያ ሁሉ ልጅ..." አሉ። "ሁለት ሁለት ጊዜ ንከሩ ያልሁት እኔ ነኝ።"

ደብዳቤውን አነሡና ለሁለት ቀደዱት፣ ከዚያ ለአራት። እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ሥር አውጥተው ወደ ፈለቀች ዘረጉ።

አስታጠበቻቸው። ከዚያም ማንቆርቆሪያውን አቀበለቻቸውና ወደ ወይዘሮ ሰንበቴ አየች። ሴትየዋ "ኧረ በስመ አብ! ርዕሰ መምህሩ ለኔ? አይሆንም!" ብላ ወደ ኋላ አለች።

"ደንቡ ነው፣ እትዬ ሰንበቴ" አለች ፈለቀች።

አቶ ተክለማርያም በክርናቸው ተደግፈው ተነሡ። "እጅሽን አምጪ፣ ሰንበቴ" አሉ። "በወሩ መጨረሻም የትም አትሄጂም።" ውሃው በወጥ ቤቷ እጅ ላይ ወረደ፤ እሷም አንገቷን ደፍታ ታጠበች።

ፈለቀች ወደ ግቢው በር ስትወጣ አባቷ የሁለት በቅሎ ልጓም ይዘው ቆመዋል።

"በይ ዕቃሽን አምጪ" አሉ አቶ ገብረወልድ። "ተዘጋ አሉ።"

"አልተዘጋም፣ አባባ። አይዘጋምም።"

አባቷ ቢሮውን አዩ፣ ተማሪው ወደ ክፍል ሲገባ አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። "ታዲያ ባሻ ቦሩን ምን ልበለው?"

"ዓመት ከመንፈቅ ይቀራታል ይበሉት። ከዚያም በኋላ እንደ ልቧ ነው ይበሉት። አልጠብቅም ካለ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት።"

አቶ ገብረወልድ ሳይወዱ በግድ ፈገግ አሉ። ባዶዋን በቅሎ እየሳቡ የዲንሾን መንገድ ያዙ፤ ፈለቀችም የሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ደወል ሳይደወል ክፍሏ ገባች።